መልስ፦ በ500 ዲግሪ ምድጃ ናኖፋይበር ማብቀል

እህቴ፣ አዳማ ያለው ምድጃችሁ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደማያልፍ ጽፈሽ፣ ኒኬል ያለበት ካርቦን ናኖፋይበር (በዓይን የማይታይ እጅግ ቀጭን የካርቦን ክር) ማብቀል ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። አዎ፣ ይቻላል። የካርቦን ምንጭ እንዲሆን ሚቴን ጋዝን ግን ተዪው፤ በዚህ ሙቀት እንደልብ አይፈርስም። የብየዳው ጋዝ አሴቲሊን ይሻልሻል።

አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ዱቄት ኒኬል ናይትሬት የተባለው ጨው በሟሟበት ውሃ ንከሪ። አድርቂውና 400 ዲግሪ አካባቢ አየር ላይ አቃጥዪው። ቀጥሎ አየሩን በናይትሮጅን አስወጥተሽ በሃይድሮጂን ወደ ብረታማ ኒኬል መልሺው። አረንጓዴ የነበረው ዱቄት ሲጠቁር ታዪዋለሽ። ከዚያ አሴቲሊን ስትለቂበት ጋዙ ኒኬሉ ላይ ይፈርሳል፣ ካርቦኑ በኒኬሏ ቅንጣት በኩል አልፎ በሌላው ወገን ፋይበር ሆኖ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ቅንጣቷን ጫፉ ላይ ተሸክሞ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ኒኬሉ እዚያው አለልሽ። ኒኬሉ በፋይበሩ ሁለንተና እንዲሰራጭ ከፈለግሽ ግን ይህ መንገድ አያደርስሽም። ለዚያ ካርቦንን በአርጎን አዮን (ኤሌክትሪክ ሙል ባላቸው የአርጎን ጋዝ አተሞች) እየደበደቡ ሜታል የሚጨምሩበት ዘዴ አለ፤ በክፍል ሙቀት ይሠራል፣ ግን የቫኪዩም ማሽን ይጠይቃል።

አደራ የምልሽ ጋዙን ነው። ብየዳ ቤት የሚገኘው አሴቲሊን አሴቶን ውስጥ የሟሟ ስለሆነ አሴቶኑን የሚያስቀር ማጥመጃ አድርጊለት። የመዳብ ቱቦ በፍጹም እንዳትጠቀሚ! ከአሴቲሊን ጋር የሚፈነዳ ውህድ ይፈጥራል። ስትጨርሺም በናይትሮጅን አቀዝቅዢው። ትኩሱን ከከፈትሽው አየር ሲያገኘው ሊቀጣጠል ይችላል።

ሙቀቱ በወረደ ቁጥር የካርቦኑ አደራደር ይዛባል፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙም ይቀንሳል። ለባትሪ ነው ወይስ ለካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥን ለሚያፋጥን ነገር) የፈለግሽው?