አሽዋጋንዳ ወይስ ግዛዋ? ጥያቄና መልስ

ህንድ አገር ፋርማሲ ስለተማርሁ፣ አሽዋጋንዳ ስለሚባለው የህንዶች የመድኃኒት ዕፅ የምታነሡትን እመልሳለሁ ብዬ ነበር። ተራ በተራ እነሆ።

ጥያቄ፦ አሽዋጋንዳ የእኛው ግዛዋ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አዎ። የሁለቱም ሳይንሳዊ ስም ዊታኒያ ሶምኒፌራ ነው፤ ከቃሪያና ከድንች ጋር አንድ ቤተሰብ። ቀይ ፍሬው በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይታያል። ህንድ ውስጥ በዱርም ይበቅላል፤ ለገበያ የሚውለው ግን በብዛት በማድያ ፕራዴሽና በራጃስታን ገበሬዎች የሚዘሩት ነው።

ጥያቄ፦ የስሙ ትርጉም ምንድን ነው?

በሳንስክሪት «የፈረስ ሽታ» ማለት ነው። ኒሙች ከተማ፣ የመድኃኒት ዕፅ በጆንያ በሚሸጥበት ገበያ፣ እርጥብ ሥር ሰብሬ አሽትቻለሁ። ዓይኔን ብጨፍን ጋጣ ውስጥ የቆምሁ ይመስለኝ ነበር።

ጥያቄ፦ አያቴ ግዛዋን የምታውቀው ቡዳ ለያዘው ሰው ሲታጠን ነው። ህንዶችስ?

እነሱ የሚፈልጉት ሥሩን ነው። አድርቀው ይፈጩትና ማታ በሞቀ ወተት ይጠጡታል፤ በቅቤ ወይም በማር የሚወስዱም አሉ። በአዩርቬዳ፣ ማለትም በህንድ ባህላዊ ሕክምና፣ አቅም ከሚመልሱ መድኃኒቶች ይመደባል። ቅጠሉን እብጠት ላይ ይለጥፉታል እንጂ እንደ ሥሩ አይጠጡትም።

ጥያቄ፦ እንግዲያው አጥራችን ሥር ያለውን ነቅዬ ብጠጣውስ?

እባክዎን አያድርጉት! ዊታፌሪን ኤ የተባለው ንጥረ ነገር ሕዋስን የሚጎዳ ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ ደግሞ ይበዛል። መጠኑ በምን ይለካል? አያቶቻችን ግዛዋን በጥንቃቄ የያዙት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ለእንቅልፍ በእርግጥ ይረዳል?

መጠነኛ ጥቅም ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ነገር ግን አነስተኛ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከሁለትና ከሦስት ወር አያልፉም። ለዓመታት ሲወሰድ ምን እንደሚያደርግ ከእነርሱ ማወቅ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ።

አይውሰዱ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። የእንቅርት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ጓደኛዬ የአሽዋጋንዳ እንክብል ሰጠችኝ።

እህቴ፣ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አትጀምሪው። የታይሮይድ (የእንቅርት ዕጢ) ሆርሞንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። እንክብሉን ከወሰዱ ሰዎች መካከል ጉበታቸው የተጎዳ አሉ፤ ዴንማርክም በ2023 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከልክላዋለች። ጀምረሽው ከሆነና ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትሽ ከጠቆረ፣ በዚያው ቀን አቁመሽ ሆስፒታል ሂጂ። ጠርሙሱንም ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ ምን እንደወሰድሽ ማየት አለበት።