ባለ ሻንጣ የሸክላ ማጫወቻ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ጥያቄና መልስ

ከፒያሳ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ባለ ሻንጣ ማጫወቻ ልገዛ ነው። የቱ ይሻላል?

መላሽ፦ «የቱ» ብቻ ተብሎ አይመለስም። ምን ልታጫውትበት ነው? አምሃና ካይፋ የሚባሉት የሙዚቃ አሳታሚዎች በ1960ዎቹ ያወጧቸው ባለ 45 (በደቂቃ 45 ዙር የሚዞሩ) ሸክላዎች ካሉህ ከምንም በፊት መርፌውን እይ። የአብዛኞቹ ባለ ሻንጣ ማጫወቻዎች መርፌውን የያዘው ክንድ ከኋላው ሚዛን መጠበቂያ ክብደት የለውም፤ መርፌው ከ5 እስከ 6 ግራም ይጫናል። የደህና የቤት ማጫወቻ መርፌ ግን የሚጫነው 2 ግራም ገደማ ነው። ቀይ ፕላስቲክ ያለው መርፌ ብዙውን ጊዜ ሰንፔር ስለሆነ 50 ሰዓት ገደማ ሲጫወት ጫፉ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሸክላውን ይፍቀዋል። አልማዙ 500 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ማለቁን በጆሮህ ታውቀዋለህ፤ ዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ሲል ድምፁ ይሻክራል፣ ሸክላው ወደ መሃል ሲጠጋ ደግሞ ይብስበታል። ለመቀየር የቀዩን ፕላስቲክ ፊት ወደ ታች ጫን አድርገህ ወደ ፊት ሳበው። አዲሱን መጀመሪያ ከኋላ አስገባ፣ ከዚያ ፊቱን ቀጭ እስኪል ወደ ላይ ግፋው። ያገለገለ ማጫወቻ የገዛ ሁሉ መርፌውን ሳይቀይር አንድ ሸክላ አይጫን።

ከሆጤ፦ የኔው እየዘለለ ሲያስቸግረኝ ክንዱ ላይ ሳንቲም ለጠፍኩበት፤ ቆመ።

መላሽ፦ አሁኑኑ አንሳው! በ6 ግራም ላይ ሌላ ጨመርክበት እኮ። ስፒከሩ እዚያው ሻንጣ ውስጥ ስለሆነ ክንዱን ያንቀጠቅጠዋል። ድምፁን ቀንስ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ በስልክህ ውሃ ልክ አስተካክለው። ከኋላው ቀይና ነጭ ቀዳዳ ካለው ድምፁን በውጭ ስፒከር አውጣው። መርፌውንም ቀይር።

ከኮምቦልቻ፦ ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ማጫወቻ በትራንስፎርመር ስሰካው ተጎተተብኝ። ዘይት ልቀባው?

መላሽ፦ ዘይት አይደለም የጎደለው። ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን 110 ያደርጋል እንጂ የእኛን 50 ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) እንደ አሜሪካው 60 አያደርግም። የድሮ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው፤ በደቂቃ 33⅓ ዙር የነበረው ወደ 27.8 ይወርዳል። ለ50 ኸርዝ የተሠራ የሞተር ዘንግ ፈልግ፤ ከጠፋ ቶርኖ ቤት ውፍረቱ የቀድሞው 1.2 እጥፍ የሆነ አስቀርጽ። በ5 ቮልት የሚሠሩት አዲሶቹ ይህ ችግር የለባቸውም። ፍጥነቱን ለመፈተን መዞሪያው ጠርዝ ላይ ወረቀት ለጥፍና በ45 አድርገህ ቁጠር፤ በደቂቃ 45 ዙር መሙላት አለበት።

ከሮቢት፦ ትንሽ ቢወርድ ምን አለበት? ድምፁ ይወፍራል እንጂ።

ከቧንቧ ውሃ፦ እንዴት ምን አለበት! በክራር አምባሰልን ከሸክላ ለሚለማመድ ሰው ክሩ አልገጥም ይለዋል።

ከሮቢት፦ ክራር መቃኛ የለውም እንዴ? አውርዶ ይቃኘው።

ከቧንቧ ውሃ፦ ዘፋኙስ? እሱም ወርዶ ይዝፈን?

መላሽ፦ ክራሩን ሌላ ቀን እናንሳው። ፍጥነቱ ልክ ይሁን፣ አለቀ።

ከሰኞ ገበያ፦ ማጫወቻዬ ላይ 78 የሚል አለ። የድሮዎቹን ወፍራም ሸክላዎች ይችላል?

መላሽ፦ ፍጥነቱን ይችላል፤ መርፌው ግን አይሆንም። የ78 መርፌ ጫፍ ራዲየሱ (የክቡ ግማሽ ስፋት) 0.076 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የ45ቱ 0.018። ቀጭኑ ሰፊው ቦይ ስር ወርዶ ይንገላታል። ሁለቱንም ሸክላ እንላለን እንጂ የ78ቱ ከወደቀ እንደ ጀበና ይሰበራል፣ የ45ቱ ፀሐይ ካገኘው ይጣመማል። ኮምቦልቻ ያላችሁ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ከፒያሳ፦ ብሉቱዝ ያለው ይሻላል?

መላሽ፦ ለሸክላው ለውጥ የለውም።

ከአራዳ፦ ጋሼ፣ መርፌ በስንት ጊዜ ይቀየራል?

መላሽ፦ ከላይ ተመልሷል፤ አንብብ። ሰንፔር 50 ሰዓት።