ለከተማ ምክር ቤት መወዳደር የሚችለው ማን ነው? ከጎጃም የደረሱን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከደብረ ማርቆስ እስከ እንጅባራ የተላኩልን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ «እኔ መወዳደር እችላለሁ ወይ?» አብዛኞቻችሁ ትችላላችሁ። ሕጉ ከዕጩ የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ሰው የሚቀረው በአብዛኛው ወረቀቱን በጊዜ ባለማሟላቱ ነውና፣ እኛም በየመልሱ የወረቀቱን ነገር ጠበቅ አድርገን ጽፈናል። መነሻችን የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ 21 ዓመት የሚሞላኝ ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ደግሞ የቀበሌ መታወቂያዬና ፓስፖርቴ የተለያየ የልደት ዓመት ያሳያሉ። ምን ላድርግ?

ለዚህኛው ዙር አልደረስሽም። ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ዓመት ያስፈልጋል፤ ዕድሜው የሚታየው ደግሞ በምዝገባው ዕለት እንጂ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን አይደለም። የዕጩዎች ምዝገባ ከድምፁ ቀን ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ ሦስት ሳምንቱ አያደርስሽም።

የልደት ዓመቱ ግን ዛሬውኑ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ፓስፖርት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የቀበሌ መታወቂያ በእኛ ስለሚጻፍ ሁለቱ መለያየታቸው ስህተት አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰው ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን የተወለደ 8 ዓመት ነው። በራስሽ ቁጥር አስልተሽ ካልገጠመ አንዱ ወረቀት ተሳስቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው ስህተት ጸሐፊው ሁሉንም በደፈናው በ8 ሲያሰላው ኅዳር ላይ የተወለደውን በአንድ ዓመት ማሳሳቱ ነው። ማረሚያው የልደት ምስክር ወረቀት ነውና ወደ ቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሂጂ። ምዝገባው ሲከፈት ሳይሆን አሁን፤ ያን ጊዜ ሰልፉ ረጅም ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ትምህርቴን ያቋረጥሁት ከ8ኛ ክፍል ነው። ያለ ዲግሪ አይሆንም ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም። የምርጫ ሕጉ ለዕጩ የትምህርት ደረጃ አላስቀመጠም። የሚያምታታው የከተማ ሥራ አስኪያጅነትና የማዘጋጃ ቤት ሥራዎች ናቸው፤ እነሱ ቅጥርና ሹመት ስለሆኑ የትምህርት ማስረጃ ይጠየቅባቸዋል። ፓርቲም ለራሱ ዕጩዎች የራሱን መመዘኛ ሊያወጣ ይችላል። ያ የፓርቲው እንጂ የሕጉ ልክ አይደለም።

ከእንጅባራ፦ አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው፤ አዊኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም። ያግደኛል?

ሕጉ የሚጠይቀው ዕጩው የሚወዳደርበትን ክልል ወይም አካባቢ የሥራ ቋንቋ እንዲያውቅ ነው፤ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ መስፈርቱን ያሟላሉ። ተመሳሳይ ክርክር ከዚህ ቀደም ከዓባይ ማዶ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ላይ ተነሥቶ ነበር። በ1992ቱ ምርጫ የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አያውቁም የተባሉ ዕጩዎች ተከልክለው ጉዳዩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም በ1995 የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ በቂ ነው ብሎ ወሰነ። ይህ ሕጉ ነው። የእንጅባራ መራጭ ግን በአዊኛ ሲያናግሩት ደስ እንደሚለው እርስዎም ያውቃሉ፤ እየሰሙ የኖሩትን ቋንቋ መናገር ቢጀምሩ መልካም ነው።

ከቡሬ፦ እኔ መምህር ነኝ፣ ታናሽ ወንድሜ ፖሊስ ነው። ሁለታችንም ብንወዳደር ሥራችን ምን ይሆናል?

የሁለታችሁ መንገድ ይለያያል። ፖሊስ፣ የመከላከያ ሠራዊት አባልና ዳኛ ሥራቸውን ሳይለቁ ዕጩ መሆን አይችሉም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ ተግባሩን እንዲፈጽም ያዛል፤ የጠመንጃና የፍርድ ሥልጣን የያዘ ሰው ድምፅ ለማኝ ሲሆን መራጩ በነፃነት አይመርጥም። ወንድምዎ መልቀቂያውን በጽሑፍ አስገብቶ የተቀባይነት ደብዳቤውን በእጁ ይያዝ። በቃል «ለቅቄያለሁ» ማለት አያስመዘግበውም።

እርስዎ ግን ሌላ ነዎት። የመንግሥት ሠራተኛ ለምርጫ ሲወዳደር ለቅስቀሳውና ለድምፅ መስጫው ጊዜ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይወስዳል። ፈቃዱን በጽሑፍ ጠይቀው የገቢ ቁጥር ያለበትን ቅጂ ያስቀሩ። አለበለዚያ ከሥራ ቀርተዋል ተብለው በዲሲፕሊን ሊጠየቁ ይችላሉ።

ከሞጣ፦ የፓርቲ አባል አይደለሁም። በግል ለመወዳደር ምን ምን ልያዝ?

መታወቂያና የልደት ማስረጃ፣ ከምርጫ ክልሉ ጋር በመኖሪያ ወይም በትውልድ መተሳሰርዎን የሚያሳይ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ከዚያም የመራጮች የድጋፍ ፊርማ። ከሌላ ከተማ የመጡ ከሆነ ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ አምጥተው ይመዝገቡ፤ ሁለት ቀበሌ ላይ ተመዝግቦ መገኘት ለክርክር በር ይከፍታል። ከአንድ ምርጫ ክልል በላይ ዕጩ መሆንም አይቻልም።

ዋናው ድካም ፊርማው ላይ ነው። ብዛቱ እንደ ምክር ቤቱ ደረጃ ስለሚለያይ የእርስዎን ቁጥር ከምርጫ ቦርዱ ቅርንጫፍ ጠይቀው ይያዙ፤ ቅጹንም ከዚያው ይውሰዱ፣ በራስዎ ወረቀት አይሰብስቡ። ፊርማ የሚወድቀው በታወቁ ምክንያቶች ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይፈርማል፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሲሰበሰብ ከከተማው ወሰን ውጭ ያለ ገበሬ ይፈርማል፤ ዕድሜው 18 ያልሞላ ተማሪ ይገባል፤ የመታወቂያ ቁጥር ይዘለላል፤ ወይም አባወራው ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ እጅ ጽሑፍ ይሞላል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው፤ አንድ ገጽ ከተጠረጠረ ሌላውም በጥርጣሬ ይታያልና። መፈረም የማይችል ሰው በጣት አሻራው ያረጋግጥ።

ስለዚህ ከተጠየቀው ሩብ ያህል አስበልጠው ይሰብስቡ፤ ማታ ማታ የዕለቱን ገጽ ከፍተው ያጣሩ፤ ከማስረከብዎ በፊት ሁሉንም ገጽ ፎቶ ኮፒ ያስደርጉ፤ ሲያስረክቡም የገጹ ብዛትና ቀኑ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ። የመወዳደሪያ ምልክትም ሦስት ያህል አስበው ይሂዱ፤ የመጀመሪያ ምርጫዎን ሌላው ቀድሞ ወስዶት ሊሆን ይችላል።

አንመዘግብዎትም ቢሉዎት ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። በዚያ ወረቀት ነው ለአቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ፣ ከዚያ ለቦርዱ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት የሚያመለክቱት።

ከባሕር ዳር፦ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ፤ በቢጫ ካርድ እኖራለሁ። ለከተማው ምክር ቤት መወዳደር እችላለሁ?

አይችሉም። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የወጣው አዋጅ 270/1994 ብዙ መብት ቢሰጥም መምረጥንና በየትኛውም የመንግሥት እርከን መመረጥን ለይቶ አስቀርቷል። በአዋጅ 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ዜግነቱን መልሶ ለማግኘት መኖሪያን ኢትዮጵያ ውስጥ ማድረግ፣ የያዙትን የውጭ ዜግነት መተውና ማመልከት ያስፈልጋል።

ከደጀን፦ ሦስት ዓመት ታስሬ ጨርሼ ወጥቻለሁ። አጎቴ ደግሞ ክስ ላይ ነው፣ ገና አልተፈረደበትም። እንዴት ነን?

ቅጣትዎን ስለ ጨረሱ መታሰርዎ ብቻውን አያግድዎትም። የፍርዱን ግልባጭ አውጥተው መጨረሻውን ገጽ ያንብቡ። ፍርድ ቤት ከእስራቱ ጋር የመምረጥና የመመረጥ መብትን በጊዜያዊነት ከ1 እስከ 5 ዓመት፣ ወይም ለዘለቄታው ሊሽር ይችላል። ጊዜያዊው የሚቆጠረው ከተፈረደበት ቀን ሳይሆን ቅጣቱ ካለቀ በኋላ ነው። ግልባጩ ላይ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከሌለ ነፃ ነዎት፤ ካለም ዓመቱን ቆጥረው ያረጋግጡ።

አጎትዎ እስካልተፈረደበት እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። በግንቦት 2013 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በእስር ላይ የነበሩ የባልደራስ ፓርቲ አመራሮች በዕጩነት እንዲመዘገቡ ወስኗል። ለአጎትዎ ይህን ውሳኔ ይዞ መከራከር ይቻላል።

ከዳንግላ፦ በቀጥታ ለከንቲባነት መወዳደር ይቻላል?

አይቻልም። ሕዝቡ የሚመርጠው የምክር ቤት አባላትን ነው፤ ከንቲባውን ከመካከሉ የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው። ከንቲባ መሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በምርጫ ክልሉ አሸንፎ ምክር ቤት ይግባ።

ለዚህ ደግሞ የአካባቢ ምርጫ መኖር አለበት። በመላ አገሪቱ የተካሄደው የመጨረሻው በሚያዝያ 2005 ነበር፤ በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዝሟል። በ2005 ዕድሜው 21 የሞላው በ1984 ወይም ከዚያ በፊት የተወለደ ነው። ከእሱ በኋላ የተወለደ የጎጃም ወጣት ለቀበሌውና ለከተማው ምክር ቤት ስሙን የሚያስገባበት ዕድል ገና አልገጠመውም። የጊዜ ሰሌዳውን የሚያወጣው የምርጫ ቦርድ ነው። ሰሌዳው ሲለጠፍ በቅድሚያ የዕጩዎች ምዝገባ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን ጻፉ፤ የድምፁን ቀን ሁሉም ይነግራችኋል።