ልጁ የት እንደደረሰ ሳታውቁ መጽሐፉን አትክፈቱ

ወደ መምህርነት ለምትገቡ ወጣቶች፣

አራተኛ ክፍል ስትመደቡ፣ ፊደል በቅጡ ያልለየ ልጅና ታሪክ አንብቦ የሚጨርስ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ፖርሽን ለመጨረስ ከሮጣችሁ የመጀመሪያው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከሰሌዳ ይገለብጣል እንጂ አይማርም።

ልጆችን በደረጃቸው ስለማስተማር ከሕንድ የተገኘውን ማስረጃ አጥብቃችሁ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ፕራታም የተባለው ድርጅት በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች ወደኋላ የቀሩ ልጆችን ከ15 እስከ 20 እያደረገ፣ የሰፈር ወጣት ሴቶች በቀን ሁለት ሰዓት ለብቻ እንዲያስተምሯቸው አደረገ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ እነ አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ሲመዝኑት ውጤቱ በግልጽ ተሻሽሎ ተገኘ።

ለእናንተ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ቢሃር በተባለው የሕንድ ክፍለ ግዛት የታየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የዕረፍት ወር የመንግሥት መምህራን ልጆችን በደረጃቸው ሲያስተምሩ ንባብ ተሻሻለ፤ በመደበኛው ዓመት ሥልጠናና መጽሐፍ ብቻ ሲሰጣቸው ግን ለውጥ አልመጣም። ችሎታ አልጎደላቸውም። የጎደለው ከፖርሽን የተለየ ሰዓት ነው። ሃሪያና በተባለው ሌላ የሕንድ ክፍለ ግዛት በቀን አንድ ሰዓት ለዚሁ ብቻ ተለይቶ፣ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ያሉ ልጆች በክፍል ሳይሆን በደረጃ ሲቀመጡና ራሳቸው አስተምረው የተለማመዱ ሱፐርቫይዘሮች ሲከታተሉ የቋንቋ ውጤት ከፍ አለ። ስለዚህ ርዕሰ መምህራችሁን መጀመሪያ የምትጠይቁት መጽሐፍ ሳይሆን ያንን ሰዓት ይሁን።

ምዘናውን አንድ በአንድ አድርጉ፤ በቡድን ከሆነ ልጁ ከጓደኛው አፍ ይቀበላል። ከአጭር አንቀጽ ጀምሩ። ሳይንተባተብ፣ ከሦስት ባልበለጠ ስህተት ካነበበ ወደ ታሪክ አሳድጉት፤ ካቃተው ወደ ቃላት አውርዱት። ከአምስት ቃላት አራቱን ካነበበ የቃል ደረጃ ነው፤ ካልሆነ ፊደል ጠይቁት። አንቀጹ ከመማሪያ መጽሐፉ አይሁን፣ በቃሉ ይዞት ይሆናልና። ፊደልንም ከ«ሀ» ጀምራችሁ በተራ አትጠይቁ፤ በዜማ ስለሚያወርደው ያነበበ ይመስላችኋል። «ሞ»ን፣ «ሊ»ን፣ «ቡ»ን እያዘበራረቃችሁ አሳዩት።

በየደረጃቸው ስታቧድኗቸው፣ ገና ፊደል የሚለዩትን ልጆች ቡድን ለጀማሪ መምህር አትተዉት፤ ጎበዝ መምህር የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ቡድኑንም «የደካሞች» ብላችሁ አትጥሩት። ትልቁ ጥፋት ልጁን በገባበት ቡድን አስቀምጦ መርሳት ነው፦ በየጥቂት ሳምንቱ መዝኑት፣ ቃል ማንበብ ከቻለ ወር እስኪያልቅ ሳትጠብቁ በማግስቱ አሻግሩት።