ፊደል ሲነካ ትዕዛዝ የሚፈጽም ኪቦርድ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የመጡ ናቸው። መልሶቹ ዊንዶውስ 10 እና 11 የተጫነባቸውን ላፕቶፖች ይመለከታሉ።

ከፖሊ ግቢ፦ «ኤል»ን ስጫን ስክሪኑ ይቆለፋል፣ «ኢ»ን ስጫን የፋይል መስኮት ይከፈታል፣ «ዲ»ን ስጫን የከፈትኩት ሁሉ ይወርዳል። ፎርማት ላስደርገው?

መልስ፦ ተው ወንድሜ፣ ፎርማት አያስፈልገውም። የዊንዶውስ ቁልፉ እንደተጫነ ቀርቷል። ዊንዶውስ ከኤል ጋር መቆለፊያ፣ ከኢ ጋር የፋይል መክፈቻ፣ ከዲ ጋር የዴስክቶፕ ማሳያ ነው። ስለዚህ ፊደሎቹ ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ የሌላ ቁልፍ ነው። ኤስ ሲነካ ሴቭ፣ ፒ ሲነካ ፕሪንት፣ ደብልዩ ሲነካ የብራውዘሩ ታብ የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ የተያዘው ኮንትሮል ነው እንል ነበር። ወርድ ላይ ኤፍ ሲነካ የፋይል ሜኑ ከተከፈተ ደግሞ አልት ነው።

መጀመሪያ የግራና የቀኝ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍት ቁልፎችን እያንዳንዳቸውን አራት አምስት ጊዜ ምታቸው። ካልለቀቀ በማውስ ብቻ ወደ ሴቲንግስ ግባ፤ በ11 አክሰሲቢሊቲ፣ በ10 ኢዝ ኦፍ አክሰስ የሚለውን፣ ከዚያ ኪቦርድ የሚለውን ከፍተህ የስክሪን ላይ ኪቦርዱን አብራ። የተያዘው ቁልፍ እዚያ ደምቆ ይታያል። በማውስ ጠቅ ስታደርገው ጠፍቶ ከቀረ ችግሩ የሶፍትዌር ነበር። ወዲያው ተመልሶ ከደመቀ ግን ቁልፉ ራሱ ተጣብቋል፤ የቁልፉን ክዳን አንስተህ ሥሩን አጽዳ።

ከዚያው ግቢ፣ ሌላ ሰው፦ የዩኤስቢ ኪቦርድ ብሰካም ያው ነው። እንግዲህ ቫይረስ ነዋ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ የሁሉንም ኪቦርዶች ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍት አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። የላፕቶፑ ኮንትሮል ተጣብቆ ሳለ በዩኤስቢው «ፒ»ን ብትመታ ፕሪንት ይመጣል። ስለዚህ የውጭ ኪቦርድ መሰካት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ለመለየት መጀመሪያ ሪስታርት አድርግ። ሻት ዳውን አይደለም ያልኩት፤ ፋስት ስታርታፕ (ቶሎ ማስነሻ የሚባለው የዊንዶውስ ምርጫ) ከበራ ሻት ዳውን ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ለውጥ ከሌለ አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ። አሁንም ካለ በፍላሽ ላይ በተዘጋጀ ኡቡንቱ (ከዊንዶውስ የተለየ ነፃ ሲስተም ነው) ላፕቶፑ ላይ ሳትጭነው በሙከራ አስነሳው። እዚያም ካስቸገረ ዊንዶውስን መውቀስ ይቅር። የመጨረሻው ማረጋገጫ ባትሪውን ነቅሎ የውስጥ ኪቦርዱን ፍላት ኬብል (ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ሽቦ) ማውጣት ነው። የማያያዣው ትንሽ መዝጊያ በጥፍር ይነሳል፤ ኬብሉን በግድ የሚስብ ሰው ማያያዣውን ከቦርዱ ይነቅለዋል። ከዚያ በኋላ ዩኤስቢው ደህና ከጻፈ የሚቀየረው የውስጡ ኪቦርድ ነው።

ከሽምብጥ፦ ስኳር ያለው ሻይ ፈሶበት በራሱ ደረቀ። አሁን አንዱን ቁልፍ ስጫን ሁለት ፊደል ይወጣል፣ አንዳንዴም ገጹ ይዘጋብኛል።

መልስ፦ የኪቦርዱ ቁልፎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሽቦ የላቸውም፤ በቁመትና በአግድም በተዘረጉ መስመሮች መገናኛ ላይ ነው የተቀመጡት። ስኳሩ ሁለት መስመሮችን ካገናኘ አንድ ንክኪ ሁለት ቁልፍ ይሆናል፤ ከሁለቱ አንዱ ኮንትሮል፣ ሌላው ደብልዩ ከሆነ ገጹ ይዘጋል። ሻዩ ደርቋል ማለት ስኳሩ ወጥቷል ማለት አይደለም እህቴ። ሩዝ ውስጥ መቅበርም ስኳር አያወጣም።

ባትሪውን ንቀይ። ክዳኖቹን በቀጭን ፕላስቲክ ከአንድ ጠርዝ ቀስ ብለሽ አንሺ፤ ስፔስ፣ ኢንተርና ሺፍት ከሥራቸው የብረት ዘንግ ስላላቸው ብትተያቸው ይሻላል። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ እንጨት አስነክተሽ ጥረጊ። የ70 በመቶው አልኮል ውሃ ስላለበት ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ በተለይ በክረምት፣ በሐይቁ ዳር እርጥብ አየር፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ክፍት ይቆይ። የእጅ ማጽጃ ጄል አይሞከርም፣ ራሱ ያጣብቃል። የፀጉር ማድረቂያም ፕላስቲኩን ያጣምማል። ፈሳሹ በፕላስቲክ ንጣፎቹ መካከል ከገባ ከላይ የሚደረግ ጽዳት አይደርስበትም። ወተት ያለው ማኪያቶ ቢሆን ኖሮ በቀጥታ ቀይሪው እል ነበር።

ከዘጌ፣ የቡና ሒሳብ የሚሠሩ አባት፦ ዩ፣ አይ፣ ኦ ስል 4፣ 5፣ 6 ይወጣል። ኤክሴል ላይም ቀስቶቹ ሣጥን ከመቀየር ገጹን ያንሸራትታሉ።

መልስ፦ ጋሼ፣ አልተበላሸም። የመጀመሪያው ነምሎክ ነው፣ ፊደሎቹን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ቁልፍ፤ ኤፍኤን (Fn) የሚለውን ቁልፍ ይዘው ነምሎክን አንዴ ይጫኑ። ሁለተኛው ስክሮል ሎክ ነው፣ ቀስቶቹ ገጹን እንዲያንሸራትቱ የሚያደርገው ቁልፍ። ቁልፉ ላፕቶፑ ላይ ከሌለ በስክሪን ላይ ኪቦርዱ ላይ ያገኙታል፣ በማውስ ያጥፉት።

ከዘንዘልማ፦ አማርኛ ስጽፍ ቆይቼ ድንገት ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በእንግሊዝኛው ደግሞ የኢሜይል አት ምልክት ስፈልግ ጥቅስ ይወጣል።

መልስ፦ የግራ አልትና ሺፍት አብረው ሲነኩ ቋንቋ ይቀይራሉ። ሴቲንግስ ውስጥ በአድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ የቋንቋ መቀየሪያ ቁልፎቹን ባዶ አድርጋቸው፤ ዊንዶውስና ስፔስ ይበቃሃል። አት እና ጥቅስ ቦታ የተለዋወጡት የእንግሊዝ አሠላለፍ ስለተመረጠ ነው፤ የአሜሪካውን ጨምረህ ያንን አውጣው። ዋይና ዜድ ከተለዋወጡ ደግሞ የጀርመን ነው፤ ከአውሮፓ የገባ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ አይገርምም።

ከጎርጎራ፦ መሃል ያሉት ቁልፎች በራሳቸው ይጫናሉ፣ የታችፓዱም አንድ ጎን ብድግ ብሏል። የማታ ትንኝ ገብቶበት ይሆን?

መልስ፦ ትንኝ ታችፓድ አያነሳም። ባትሪው አብጦ ከሥር እየገፋ ነው። ዛሬውኑ አጥፋው፣ ቻርጅ አታድርገው፣ ቁልፎቹን ወደ ታች ለመጫን አትሞክር። ያበጠ ሊትየም ባትሪ ቢበሳ ይነዳል። አውጥቶ የሚቀይርልህ ባለሙያ ጋ ውሰደው። ባትሪው ሲቀየር ኪቦርዱ በራሱ ሊስተካከል ስለሚችል ኪቦርድ ቀድመህ አትግዛ።

ከግሽ ዓባይ፦ ግራ ኮንትሮል እንደተጣበቀ ነው። መቀየሪያውን እስካገኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሻርፕኪስ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ያንን ቁልፍ ብቻ አጥፍተህ ሪስታርት አድርግ፤ በቀኙ ኮንትሮል ትሠራለህ። ስትገዛ የላፕቶፑን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ከጀርባው ጽፈህ ያዝ። ከአሮጌው ጋር የኢንተሩን ቅርጽ፣ የፍላት ኬብሉን ስፋትና የሚወጣበትን ቦታ አስተያይ። መብራት ያለው ከሆነ ሁለተኛ ቀጭን ኬብል ይኖረዋል። አንዳንዶቹ በብሎን ሳይሆን በቀለጠ ፕላስቲክ ከላፕቶፑ የላይኛው ክዳን ጋር የተያዙ ናቸው፤ ለእነሱ ክዳኑን ከነኪቦርዱ መግዛት ይቀላል።