ቅጠል ቴርሞሜትር ይሆናል?

ወንድሜ፣ «ከድንጋይ ላይ የቅጠል ቅርጽ አይተው የሚሊዮን ዓመት ሙቀት እንዴት ያውቃሉ?» ብለህ ለጠየቅኸው፦ ዋናው ነገር የቅጠሉ ጠርዝ ነው።

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ዛሬ ጠዋት ከግቢያችን የኮሶና የጽጌረዳ ቅጠል ቀጠፍኩ። ጠርዛቸውን በጣትህ ስትዳስሰው እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። የቡና ወይም የማንጎ ቅጠል ግን ልሙጥ ነው። ሞቃት አገር ላይ ልሙጥ ጠርዝ ያላቸው ዛፎች ይበዛሉ፤ ብርዳማ አገር ላይ ጥርሳሞቹ። ስለዚህ ከአንድ ቦታ የወጡ የቅሪተ አካል ቅጠሎችን በዝርያ ለይተው፣ ከመቶ ስንቱ ልሙጥ እንደሆነ ይቆጥራሉ። ከዚያ ሙቀታቸው ከሚታወቅ የዛሬ ደኖች ጋር ያነጻጽሩታል። አንድ ቅጠል ብቻ ምንም አይነግርህም፤ ቢያንስ ሃያ ያህል ዝርያ ያስፈልጋል። ወንዝ ዳር የበቀሉ ዛፎችም ጥርሳም ስለሚበዛባቸው ውጤቱን ከእውነቱ ይልቅ ቀዝቃዛ ሊያስመስሉት ይችላሉ። ይሄን መርሳት የለብህም።

የቅጠሉ ስፋት ደግሞ ስለ ዝናብ ይናገራል። ዝናብ ሲበዛ ቅጠል ይሰፋል። በቅጠሉ ቆዳ ላይ ያሉት ጥቃቅን የመተንፈሻ ቀዳዳዎችም አሉ፦ አየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ብዙ ጊዜ ቁጥራቸው ይቀንሳል።

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ማስረጃው እኛው አገር አለ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ሙሽ ሸለቆ ውስጥ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው ቅጠሎች በጥንታዊ ሐይቅ ደለል ውስጥ ተጠብቀው ተገኝተዋል። ጭልጋ ላይ ደግሞ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው የዘንባባ ቅሪቶች አሉ። እኔን እነዚህ ነገሮች በጣም ነው የሚያስደንቁኝ።