የጎርፍን ኪሳራ መገመት ለኮምቦልቻም ሥራ ነው

እህቴ፣ በኮምቦልቻ የውሃ ሀብት ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆንሽን ጽፈሽልኛል። የመመረቂያ ጥናትሽን በጎርፍ ኪሳራ ግምት ላይ መሥራት ብትፈልጊም ያገኘሽው ጽሑፍ ሁሉ ስለ ካሊፎርኒያ ሆኖብሽ «ይህ ለእኛ ምን ይረባል?» ብለሻል። ጉዳዩ እኔንም ሲያንገበግበኝ የኖረ ነው።

እርግጥ የወሎ ክረምት ሌላ ነው። በካሊፎርኒያ ጎርፍ የሚያመጣው የከባቢ አየር ወንዝ የሚሉት ከውቅያኖስ ተነሥቶ እንደ መቀነት ተዘርግቶ የሚጓዝ የውሃ ተን ነው፤ ተራራ ሲገጥመው ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በምዕራብ አሜሪካ ከደረሰው የጎርፍ ኪሳራ 84 በመቶው ከዚህ የመነጨ እንደሆነ አሳይቷል። እነዚህ የከባቢ አየር ወንዞች በአምስት ደረጃ ይመደባሉ፤ ደረጃው በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር ኪሳራው ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል። ተመራማሪዎቹ ይህን ያወቁት ግን ሰማዩን በማየት ብቻ አይደለም፤ ከ1978 ጀምሮ የተከማቸ የጎርፍ ኢንሹራንስ የካሳ መዝገብ ስላላቸው ነው። እኛ ዘንድ የጎርፍ ዋስትና የገባ ቤት ጥቂት ስለሆነ ኪሳራው ከባለቤቱ ጋር ተቀብሮ ይቀራል። የጥናትሽ ቦታ ይህ ክፍተት ነው!

በቦርከና ዳር ያሉትን ቤቶች ዙሪ። ውሃው ግድግዳ ላይ የተወውን ምልክት ለኪ፤ ምን እንደተበላሸ፣ ጥገናው ስንት ብር እንደፈጀ ጠይቂ። የጭቃ ቤትና የብሎኬት ቤት በግማሽ ሜትር ውሃ እኩል አይጎዱም። የውሃውን ጥልቀት ከጉዳቱ ጋር የሚያገናኘው ስሌት ከዚህ ይወጣል። ጎርፉ የት እንደሚደርስ የምታሰይበት ሄክ ራስ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። እኔ ለዓመታት የኢንሹራንስ ካሳ ጥያቄ ስመረምር ኖሬያለሁ፤ ጉዳትን በብር መተመን የሚያውቅ መሐንዲስ ብርቅ ነው። ማመልከቻሽን በመጀመሪያ ለኢንሹራንስ ድርጅቶች አስገቢ፤ ያሰብሽው የውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ይቆይ።

ሒሳቡ አያስፈራሽ፤ ፕሮባብሊቲና ኤክሴል ላይ በርቺ።

አባትሽ ደሴ ፒያሳ ያለውን ሱቅ ይዘሽ የወንድምሽን የኮሌጅ ክፍያ እንድትሸፍኚ ይፈልጋሉ። ይህ ልክ አይደለም። ልጅን ማስተማር የወላጅ ግዴታ ነው፤ ገና ባልተቀጠረች እህት ትከሻ ላይ አይጫንም። በአክብሮት፣ ግን ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው። ደመወዝ ስታገኚ የምትችይውን ታዋጫለሽ፤ መጠኑንም የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ክረምቱ ሳይገባ የመጠይቅሽን ረቂቅ ላኪልኝ፤ የካሳ መርማሪ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች እጨምርበታለሁ።